የአየር መንገድ ርቀትና የዘመድ ጥየቃ

የመንገድ ርቀት በኪሎ ሜትር ይለካል፤ እናቱ ወይም አባቱ በሩቅ አገር የታመሙበት ሰው ግን «መቼ እደርሳለሁ?» ይላል እንጂ ኪሎ ሜትሩን አይጠይቅም። ስለዚህም በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን ርቀትና ጊዜ እንዴት እንደሚለያዩ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ ወደድን።

በኤውሮጳ ከሎንዶን የሂዝሮው አይሮፕላን ጣቢያ እስከ ፓሪስ የሻርል ደ ጎል ጣቢያ ድረስ ያለው የአየር ርቀት 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በነሐሴ 19 ቀን 1911 ዓ. ም. በሁለቱ ከተሞች መካከል የየዕለቱ በረራ ሲጀመር ጉዞው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ከ1987 ዓ. ም. ጀምሮ ከባሕር በታች በተቆፈረው መንገድ የሚያልፈውን ባቡር የሚመርጡ መንገደኞች ብዙዎች ናቸው። ሁለቱ የአይሮፕላን ጣቢያዎች ከየከተማው መካከል ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የራቁ ሲሆኑ፥ ባቡሩ ከከተማው ልብ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ተኩል በማይሞላ ጊዜ በከተማው ልብ ያደርሳልና።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሎንዶን እስከ ፓሪስ ካለው ብዙም አይለይም። በረራውም አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ነገር ግን ዘመዱን ለመጠየቅ በኮልፌ 18 ማዞሪያ ከቤቱ የሚነሣ ሰው ጉዞውን መቍጠር የሚገባው ከደጁ ጀምሮ ነው። ኮልፌ በከተማችን ምዕራብ፥ ቦሌ በደቡብ ምሥራቅ ስለ ሆነ ከተማውን አቋርጦ ማለፍ ግድ ይሆንበታል፤ መኪና በሚበዛበት ጊዜ ይህ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ለፍተሻና ለዕቃ ማስረከቢያ ሁለት ሰዓት፥ ለበረራው አንድ ሰዓት፥ ወርዶ ከዘመድ ቤት እስኪገባም ሌላ አንድ ሰዓት ቢታሰብ አምስት ሰዓት ይሞላል። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ለመድረስ አሥር ሰዓት ያህል ይበቃል። እንግዲህ አይሮፕላን የመንገዱን ጊዜ በእኩሌታ ቢያሳጥረው ነው እንጂ ሰዎች እንደሚያስቡት አንድ ዐሥረኛ አያደርገውም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ. ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ባደረገበት ዘመን የከተማችን አይሮፕላን ማረፊያ ለኮልፌ ቅርብ በሆነው በልደታ ነበረ። የጄት አይሮፕላኖች ረዥም ሜዳ ስለሚሹ በ1950ዎቹ ዓመታት አገልግሎቱ ወደ ቦሌ ተዛወረ። ስለዚህ የሰማዩ መንገድ ሲያጥር ለኮልፌ ሰው የምድሩ መንገድ ረዘመበት።

ይህን መጻፋችን አይሮፕላንን ለመንቀፍ አይደለም፤ አምስት ሰዓት ማትረፍ ለታመመ ሰው ልጅ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን «አይሮፕላን አለ፤ በተጠራሁ ቀን እደርሳለሁ» ብሎ ወላጆቹን ሳይጠይቅ ዓመት የሚያሳልፍ ሰው ሒሳቡን ተሳስቷል። የክፉ ቀን ጥሪ የበረራ ሰዓት አይጠብቅም፤ ማታ ቢመጣ እስኪነጋ ያስጠብቃል፥ ቦታም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቤት ለዚህ ጉዳይ ጥቂት ገንዘብ እንዲቀመጥ፥ የመንገዱም ሰዓት ከደጅ እስከ ደጅ እንዲታወቅ እንመክራለን። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወላጆች በጤና ሳሉ፥ ማዕድ ቀርቦ መጫወት በሚቻልበት ጊዜ ሄዶ መጠየቅ ነው።