ኦቲዝም ያለበት ሕጻን በቤቱ እንዴት ይሠለጥናል?

አንድ ሕጻን ሁለት ዓመት ሞልቶት ቃል ሳይናገር ሲቀር ወይም በስሙ ሲጠራ ሳይዞር ሲቀር፣ ወላጆች ከጎረቤት ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ምክር «ታገሡ፤ ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» የሚል ነው። ምክሩ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። የመዘግየቱ ምክንያት ኦቲዝም ከሆነ፣ በመጠበቅ የሚያልፉት ወራት የሕጻኑ አእምሮ አዲስ ነገር ለመቀበል ይበልጥ ዝግጁ የሆነባቸው ወራት ናቸው።

ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ በሕጻንነት የሚጀምርና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሁኔታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.አ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ከፍተኛ ድርሻ አለው። እርግማን ወይም የእናት የአስተዳደግ ጉድለት አያመጣውም። ክትባትም መንስኤው አይደለም፤ እ.አ.አ. በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ በ2010 በአሳተመው የሕክምና መጽሔት ተሽሯል።

ወላጆች ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ምልክቶች

ሕጻኑ አንድ ዓመት ሞልቶት በስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ዓይን ለዓይን የማይተያይ፣ በአንድ ዓመት ተኩል ዕድሜው የሚፈልገውን ነገር በጣቱ የማያመለክት፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃላትን አጣምሮ የማይናገር ከሆነ ምርመራ ያስፈልገዋል። ጀምሮት የነበረውን ንግግር ያቆመ ሕጻን ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። አንድን እንቅስቃሴ መደጋገም፣ ዕቃ መደርደር ብቻ መውደድ ወይም ሌሎች ለማያስተውሉት ድምፅ መደንገጥም ከምልክቶቹ መካከል ናቸው።

አንድ ምልክት ብቻውን ልጁ ኦቲዝም አለበት አያሰኝም። መስማት የተሳነው ልጅም ሲጠሩት ላይዞር ስለሚችል የጆሮ ምርመራ መቅደም ይኖርበታል።

ሥልጠናው ምንድን ነው?

ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። ሕጻኑ እንዲግባባ፣ ራሱን እንዲችልና ከሰው ጋር እንዲኖር ከሚረዱት መንገዶች በስፋት የተጠናው የባሕርይ ሥልጠና (ቴራፒ) ነው። እ.አ.አ. በ1987 ተመራማሪው ኢቫር ሎቫስ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ያሳተሙት ጥናት የብዙዎችን ዓይን ወደዚህ ሥልጠና መለሰ። 19 ሕጻናት በሳምንት ወደ 40 ሰዓት የሚጠጋ ሥልጠና ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገኙ ሲሆን፣ ዘጠኙ መደበኛ የአንደኛ ክፍል ትምህርታቸውን ማጠናቀቃቸው ተዘግቧል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ለውጥ ከልጅ ልጅ የሚለያይ ነው። በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው ቅጣትም ዛሬ ተቀባይነት የለውም። የአሁኑ ሥልጠና በጨዋታ፣ በማበረታቻና በዕለት ተዕለት ኑሮ ላይ የተመሠረተ ነው።

የሥልጠናው መሠረታዊ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ልጅ ጥሩ ውጤት ያገኘበትን ድርጊት ይደግመዋል። ለምሳሌ ውኃ ሲጠማው የእናቱን እጅ ይዞ የሚጎትት ሕጻን አለ እንበል። እናቱ ኩባያውን ሊያየው በሚችልበት ነገር ግን በማይደርስበት ቦታ ታስቀምጣለች። በርከክ ብላ ፊት ለፊቱ ትሆንና ጥቂት ትጠብቃለች። ከዚያም ጣቱን ይዛ ወደ ኩባያው እያመለከተች «ውኃ» ትላለች፤ ወዲያውኑም ጥቂት ታጠጣዋለች። ጥቂት መሆኑ ሕጻኑ ደግሞ እንዲጠይቅ ዕድል ይሰጠዋል። ቀናት ሲያልፉ ጣቱን መያዟን ትታ ክንዱን ብቻ ትነካለች፤ በኋላም ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። ማመልከትን ሲለምድ «ው» የምትል ድምፅ ብቻ ቢያወጣም ታመሰግነዋለች።

እጅ መታጠብን የመሰለ ሥራም ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ እጅ መዘርጋት፣ ሳሙና ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ወላጁ ሌላውን ሁሉ ሠርቶ ማድረቁን ብቻ ለልጁ ይተውለታል። እሱን ሲችል ማለቅለቁ ይጨመራል። ልጁ ሁልጊዜ ሥራውን በስኬት ስለሚጨርስ አይሰለችም።

ጩኸትና ቁጣ ሲኖር

ሕጻኑ ሲጮህ ከመቆጣት በፊት ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል፤ ከጩኸቱ በፊት ምን ነበር? ልጁ ምን አደረገ? ከዚያስ ምን አገኘ? ቡና በሚጠጣበት ሰዓት ጮሆ ስኳር የተሰጠው ልጅ ጩኸት ስኳር እንደሚያመጣ ይማራል። እንዲህ ያለው ልጅ ስኳሩን የሚያገኘው በጣቱ ሲያመለክት እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። በወፍጮ ቤት የሚጮኸው ልጅ ግን ድምፁ አስጨንቆት ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔውም ከድምፁ ማራቅ ነው። ጩኸቱ አንድ ቢመስልም ምክንያቱ ስለሚለያይ ምላሹም ይለያያል። መምታት፣ ማሰርና በጓዳ መዝጋት ሕጻኑን ያስፈራዋል እንጂ ምንም አያስተምረውም።

ወላጅ እንደ አሠልጣኝ

በሳምንት 40 ሰዓት የሚያሠለጥን ባለሙያ ማግኘት ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይቻል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በመገንዘብ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሆኑ ልጆች ወላጆች ሥልጠና አዘጋጅቷል። ሥልጠናው ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ በኢትዮጵያም ከአገሩ ሁኔታ ጋር ተጣጥሞ ተሞክሯል። ወላጅ የሚማረውን በመመገብ፣ በማጠብና በማጫወት ጊዜ ስለሚተገብረው የእርሻና የቤት ሥራውን ማቆም አይጠበቅበትም። አያትም ሆነ ታላቅ እኅት አንድ ዓይነት ቃል መጠቀማቸውና አንድ ዓይነት ምላሽ መስጠታቸው ግን ወሳኝ ነው።

በአገራችን ለዚህ ጉዳይ በር ከከፈቱት ሰዎች መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይጠቀሳሉ። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ያጡት እኒህ እናት እ.አ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በአዲስ አበባ የጆይ ማዕከልን ከፍተዋል። ከማዕከላት ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ ግን የመጀመሪያው በር የቀበሌው ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያውም ወደ ሆስፒታል ሊልክ ይችላል።

ጠበልም ሆነ ዱዓ የቤተሰቡ እምነት ነውና ከሥልጠናው ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል፤ ሥልጠናውን ማዘግየት ግን የለበትም። ሁሉም ልጅ እኩል አይለወጥም። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው በምልክት ይግባባል። በጣቱ አመልክቶ ውኃ መጠየቅ የቻለ ሕጻን ግን ጥማቱን በለቅሶ ብቻ ከመግለጽ ድኗል። የሪፈር ወረቀቱ እስኪደርስ ድረስም የዛሬውን ኩባያ ውኃ ለትምህርት መጠቀም ይቻላል።