ዕፅ የሚገልጠውና የሚሸፍነው፦ በዕፅዋት መዓዛ የተቃኘ ቮድካ ቅምሻና ምዘና

ቮድካ በአብዛኛው ከእህል ወይም ከድንች ድፍድፍ የተገኘን አልኮል ደጋግሞ በማንጠር የሚዘጋጅ መጠጥ ነው። የአሠራሩ ዓላማ የጥሬ ዕቃውን ጠረን እጅግ መቀነስ በመሆኑ፣ ተራው ቮድካ የሚመሰገነው ጉሮሮን የሚከረክር ሽታና መራራ ቅሪት ባለመኖሩ ነው። በመዓዛማ ዕፅዋት የተቃኘው ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ዕፁ ለመጠጡ የራሱን ጠባይ ሊሰጠው፣ የአልኮሉንም ጉድለት ሊሸፍንለት ይችላል። የቀማሹ ዋና ተግባር እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው።

የፖላንዱ ዡብሩፍካ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ስሙ የመጣው ዡብር ከተባለው የአውሮፓ የዱር በሬ ሲሆን፣ መዓዛውን የሚያገኘው በቢያሎቪየዛ ደን አካባቢ ከሚበቅል ሣር ነው። በሣሩ ውስጥ ያለው ኩማሪን የተባለ ውሕድ አዲስ የታጨደ ድርቆሽንና ቫኒላን የሚያስታውስ ሽታ ይሰጠዋል። በኢትዮጵያ አረቄ ጌሾው የሚገባው ከመንጠሩ በፊት በጥንስሱና በድፍድፉ ስለሆነ፣ ወደ መጠጡ የሚያልፈው ከእንፋሎቱ ጋር የሚተንነው ብቻ ነው። በዡብሩፍካ ግን ሣሩ የሚጨመረው አልኮሉ ከነጠረ በኋላ በመሆኑ ቀለሙና ምሬቱም አብረው ይገባሉ።

ምዘናው በዐይን ይጀምራል። የገረጣ ቢጫ ወይም አረንጓዴማ ቀለም ከዕፁ የመጣ ሊሆን ስለሚችል በራሱ ጉድለት አይደለም። ቀጥሎ መጠጡ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ፣ በክፍሉ ሙቀት ይሸተታል፤ ብርቱ ቅዝቃዜ መዓዛንም ነውርንም ያፍናል። ከዚያም መጠኑ እኩል የሆነ ውሃ ይጨመርበታል። የ40 በመቶው አልኮል ወደ 20 ገደማ ሲወርድ ማቃጠሉ ስለሚለዝብ የተደበቀው ጠረን ይወጣል። በዚህ ጊዜ ኡዞ ውሃ ሲነካው እንደሚነጣ ሁሉ፣ የዕፅ ዘይት የበዛበት ቮድካም ሊደፈርስ ይችላል። በመጨረሻም ጥቂት ተቀምሶ ይተፋል። ጣፋጭነቱ ቀድሞ ጠፍቶ ማቃጠሉ ብቻ ከቀረ፣ ስኳሩ የአልኮሉን ሻካራነት ሸፍኖ እንደነበር ይጠረጠራል። የዕፁ ጣዕም እየሳሳ እስከ መጨረሻ ከዘለቀና አፍን ንጹሕ አድርጎ ከተወ፣ ዕፁና አልኮሉ ተስማምተዋል ማለት ይቻላል።

ሆኖም ምላስ የማይደርስበት ወሰን አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኩማሪንን በምግብ ላይ መጨመርን የከለከለው ሽታው ስላላማረ ሳይሆን፣ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ጉበትን እንደሚጎዳ ስለታየ ነው። ሜታኖልም እንዲሁ ነው። ዐይንን የሚያሳውርና የሚገድል መርዝ ቢሆንም፣ በማሽተትና በመቅመስ ከተለመደው አልኮል በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለቮድካ በሚውል አልኮል ውስጥ በ100 ሊትር ንጹሕ አልኮል ከ10 ግራም በላይ ሜታኖል እንዳይገኝ የሚያዝዘው፣ ይህም በላቦራቶሪ መሣሪያ የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በአነስተኛ ማንጠሪያ የሚዘጋጅ መጠጥ ሁለት ፍርድ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው የላቦራቶሪው ሲሆን መጠጡ ለመጠጣት የሚበቃ መሆኑን ይወስናል፤ ሁለተኛው የቀማሹ ሲሆን ጥራቱን ይመዝናል። መዓዛው ያማረ መሆኑ የመጀመሪያውን ፍርድ ሊተካ አይችልም።