ከጉልላት የሚጀመር ቤት

ከቦሌ ወደ ሰሜን ሲያዩ የሚታየው የየካ ተራራ በባሕር ዛፉ መካከል ዋሻ ሚካኤልን ይዟል። ከዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ላሊበላን ለመሳለም የሚናፍቅ የአዲስ አበባ ሰው የዚያው ጥበብ ዘመድ ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ መኖሩን ቢያውቅ እንዴት ደስ ይለው ነበር!

ግንበኛ ከመሠረት ይነሣል፤ ዐለት ፈልፋይ ግን ከላይ ይጀምራል። መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮ ዐለቱን ለብቻው ያስቀራል፣ ጣሪያውን ይቀርጻል፣ ከዚያ ወደ ታች እየወረደ በመስኮትና በበር ገብቶ ውስጡን ያወጣል። ወለሉ መጨረሻ ነው። በስሕተት የተቆረጠ ዓምድ ደግሞ ተመልሶ አይተከልም።

ይህንኑ በሕንድ፣ በኤሎራ ያለው የሺቫ ቤተ መቅደስ ካይላሳም ያሳያል። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ክሪሽና ቀዳማዊ ዘመን ከአንድ ዐለት እንደወጣ ይታመናል። አፈ ታሪኩ ግሩም ነው፤ ንጉሡ ታሞ ንግሥቲቱ ለሺቫ ተሳለች፤ ቢድንላት ቤተ መቅደስ ልታሠራለት፣ ጉልላቱንም ሳታይ እህል ላትቀምስ። ንጉሡ ዳነ። ሥራው ግን ወራት ይፈጃል ተባለ። ኮካሳ የተባለ ባለሙያ ብቻ «በሳምንት ጉልላቱን ታያለች» አለና ከላይ መፈልፈል ጀመረ። እኔ ይህን ተረት የምወደው የሙያውን ምሥጢር ስለያዘ ነው፤ ከዐለት በሚወጣ ቤት ቀድሞ የሚያልቀው በእርግጥም ጉልላቱ ነው።

የላሊበላ ትውፊት ሰው ቀን የሠራውን መላእክት ሌሊት ይጨምሩበት ነበር ይላል። ስለ ዋሻ ሚካኤል ደግሞ አባቶች በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ተሠራ ይላሉ። አጥኚዎች ወደ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀርቡታል። ሁለቱ ነገሥታት ክርስትናን የተቀበሉ የመጀመሪያዎቹ ተብለው ስለሚታሰቡ በትግራይም በውቅሮ አቅራቢያ ያለው የዐለት ቤተ ክርስቲያን በስማቸው ይጠራል። ትውፊቱ ከዓመተ ምሕረቱ ይልቅ ቤቱ የማን የእምነት ዘር እንደሆነ ይናገራል፤ እንደዚያ ሲሰሙት ከአጥኚዎቹ ጋር አይጣላም።

የእነዚህ ቤቶች ትልቁ ጠላት ዝናብ ነው። ከመሬት ዝቅ ብለው ስለሚቆሙ ጎርፉ ወደነሱ ይወርዳል፣ ርጥበቱም ዐለቱን ያፈረፍረዋል። የላሊበላ ጠራቢዎች ውኃው የሚወጣበትን ቦይ አብረው ቆፍረዋል፤ በእኛ ዘመንም በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ መጠለያ ተሠርቷል። የየካውም ዐለት በየክረምቱ ይህንኑ ዝናብ ይቀበላልና ቦዩን መጥረግና ውኃውን ማራቅ ቅርሱን ከመጠበቅ የሚቀድም ሥራ ሳይሆን ራሱ ጥበቃው ነው።