ፍሬድሪክ ቪልሄልም ፎን ዛይድሊትስ፤ የፕሩሲያ ፈረሰኞች አለቃ

ታላቁ ፍሬድሪክ በ1740 ዓ.ም. (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የፕሩሲያን ዙፋን ሲወርስ፣ ከአባቱ የተረከበው እግረኛ ጦር በመላው አውሮፓ አቻ የማይገኝለት ሲሆን፣ ፈረሰኛው ግን ግዙፋን ሰዎች በግዙፋን ፈረሶች ላይ የተቀመጡበት፣ ለሰልፍ የሚያምር፣ ለውጊያ ግን የማይፈጥን ጦር ነበር። በማግሥቱ ዓመት በሞልቪትስ ሜዳ የኦስትሪያ ፈረሰኛ ይህን ጦር በትኖ ንጉሡን ራሱን ከዐውደ ውጊያው እስከ ማሸሽ ደረሰ፤ ድሉን ያስገኘው እግረኛው ብቻ ነው። ያ የተዋረደ ፈረሰኛ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ነገሥታት የሚፈሩት ኀይል ሆኖ ሲነሣ፣ ደንቡን ያወጣው ንጉሡ ቢሆንም፣ ደንቡን በሰውና በፈረስ አካል ላይ ያሳደረው ከሁሉ ይልቅ ዛይድሊትስ ነው።

ዛይድሊትስ በ1721 ዓ.ም. በታችኛው ራይን አውራጃ በምትገኘው በካልካር ከተማ ተወለደ። አባቱም የፈረሰኛ መኰንን ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ዐርፎ ቤተ ሰቡን በችግር ላይ ስለ ጣለ፣ ብላቴናው ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው በብራንደንቡርግ ሽቬት መስፍን ቤት የእልፍኝ አሽከር ሆኖ ገባ። ያ መስፍን በፈረስ ፍቅር የነደደ፣ ከድፍረቱም የተነሣ እብድ እስከ መባል የደረሰ ሰው ስለ ነበረ፣ ወጣቶቹን አሽከሮች ባልተገራ ፈረስ ላይ እያስቀመጠ ያስጋልባቸው ነበር፤ ዛይድሊትስም በሚዞሩት የነፋስ ወፍጮ ክንፎች መካከል ፈረሱን ኰልኵሎ ያልፍ እንደ ነበር ይተረካል። እኔ በዚህ ትረካ ውስጥ የምመለከተው ድፍረቱን ብቻ አይደለም። በወፍጮ ክንፎች መካከል የሚያልፍ ሰው አንዱ ክንፍ አልፎ ሌላው እስኪደርስ ያለችውን ቅጽበት አስቀድሞ መገመት ይኖርበታልና፣ ኋላ በጦር ሜዳ የታየው ጊዜን የመምረጥ ጸጋው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያቈጠቈጠ ይመስለኛል።

በ1740 ዓ.ም. በመስፍኑ የጥሩር ለባሾች ክፍለ ጦር ውስጥ በመኰንንነት ተሾመ። በ1742 ዓ.ም. አንዲት መንደር ሲከላከል ተማረከ፤ ንጉሡም የተጋድሎውን ዝና ሰምቶ በተማረከ የኦስትሪያ መኰንን ለወጠውና በቀላል ፈረሰኞች፣ ሁሳር በሚባሉት ላይ፣ ሻምበል አድርጎ ሾመው። ስለ ምርኮ የሚነገር ሌላም ነገር አለ፤ ዛይድሊትስ ፈረሱ በሕይወት ያለለት መኰንን እጁን ሊሰጥ አይገባም ብሎ ሲናገር ሰምቶ፣ ንጉሡ አንድ ቀን በድልድይ ላይ ሳሉ የድልድዩን ሁለት ወገን አስነሥቶ «እንግዲህ ተማርከሃል» ቢለው፣ እሱ ቃል ሳይመልስ ከነፈረሱ ዘሎ ወንዙ ውስጥ ገባና ዋኝቶ ወጣ ይባላል። በ1745 ዓ.ም. በሆሄንፍሪድበርግ ጦርነት ባሳየው ጀብዱ በሃያ አራት ዓመቱ ሻለቃ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን የሰላም ዓመታት ታሪክ ጸሐፊዎች በአጭሩ ያልፏቸዋል፤ እንደ እኔ ግን የሰውየው ዋና ሥራ የተሠራው በእነሱ ውስጥ ነው። በ1753 ዓ.ም. የአንድ ጥሩር ለባሽ ክፍለ ጦር አዛዥነት በተሰጠው ጊዜ፣ ወታደሮቹን ከልምምድ ሜዳው አውጥቶ በቦይ፣ በአጥርና በዳገት ላይ ያስጋልባቸው ጀመር፤ መጀመሪያ እያንዳንዱ ብቻውን ፈረሱን እንዲገዛ፣ ቀጥሎም ጕልበት ለጕልበት ተጠጋግተው አንድ ግድግዳ መስለው እንዲሮጡ አስተማራቸው። ፈረሰኛ ቆሞ ጠላት እንዲመጣበት እንዳይጠብቅ፣ በኮርቻ ላይ ሆኖም በመተኰስ እንዳይዘገይ ንጉሡ አዝዞ ነበርና፣ ዛይድሊትስ ይህን ትእዛዝ በሶምሶማ ተጀምሮ በሽምጥ ግልቢያ የሚፈጸም፣ መሣሪያውም የተመዘዘ ሰይፍ ብቻ የሆነ ሥርዐት አደረገው። በልምምድ የሚሞተው ሰው በዛ ብሎ ንጉሡ ቢወቅሰው፣ ጥቂት አንገት በመሰበሩ የምንጨነቅ ከሆነ ግርማዊነትዎ ለጦርነት የሚያስፈልግዎት ፈረሰኛ አይኖርዎትም ብሎ እንደ መለሰ ይነገራል። መልሱ ጨካኝ ነው፤ አልክድም።

የሰባቱ ዓመት ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሰኔ 1757 ዓ.ም. በኮሊን ንጉሡ ድል ሲመታ፣ በዚያ ጥፋት መካከል ዛይድሊትስ ላደረገው ተጋድሎ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሜጀር ጄኔራል ተባለ። በዚሁ ዓመት ኅዳር 5 ቀን በሮስባኽ የፈረንሳይና የጀርመን መሳፍንት ኅብር ጦር፣ አርባ ሺሕ ያህል ሆኖ፣ ሃያ ሁለት ሺሕ የሚሆኑትን ፕሩሲያውያን በግራ ክንፋቸው ዞሮ ከኋላ ሊይዛቸው ተነሣ። ንጉሡም ሁለት ጄኔራሎች በማዕርግ የሚቀድሙት ሆነው ሳሉ ፈረሰኛውን በሙሉ ለዛይድሊትስ ሰጠው፤ እሱም «እኔ ለንጉሡ እታዘዛለሁ፤ እናንተ ደግሞ ለእኔ ትታዘዛላችሁ» አላቸው ይባላል። 38 ስኳድሮን፣ 4,000 ያህል ፈረሰኛ፣ ያኑስ ከሚባለው ጕብታ በስተ ጀርባ ተሰውሮ ከጠላት ጋር ጎን ለጎን ሄደ። የጠላት ሰልፍ ራሱ በቀረበ ጊዜም ዛይድሊትስ በአፉ የያዘውን ፒፓ ወደ አየር ወረወረ፤ ምልክቱ ይህ ነበርና ፈረሰኛው እንደ ጎርፍ ወረደ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የጠላት ፈረሰኛ ከተበተነ በኋላ ሸሺውን እያሳደዱ መበታተን የፈረሰኛ ሁሉ የጥንት ደዌው ነው፤ ዛይድሊትስ ግን ድል በሚያሰክርበት በዚያ ሰዓት ሰዎቹን በመለከት ሰብስቦ፣ በታግቬርበን መንደር አጠገብ ባለ ረባዳ ስፍራ እንደ ገና አሰለፋቸውና ጠበቀ። የፕሩሲያ እግረኛና መድፍ የጠላትን እግረኛ ሲያናውጡት ዳግመኛ ከጎን ገባበት፤ ውጊያውም በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተፈጸመ። ጠላት ከሞተና ከቈሰለ፣ ከተማረከም ጋር ዐሥር ሺሕ ያህል ሰው ሲያጣ፣ የፕሩሲያ ጕዳት ከስድስት መቶ አልደረሰም። ራሱ ዛይድሊትስ ቈስሎ ነበር፤ ንጉሡም የጥቁር ንስርን ኒሻን ሸልሞ ሌተና ጄኔራል አደረገው።

የዚህ ሰው ጠባይ ይበልጥ የተገለጠው ግን ነሐሴ 25 ቀን 1758 ዓ.ም. ከመስኮብ ጦር ጋር በተደረገው በዞርንዶርፍ ውጊያ ነው። የፕሩሲያ እግረኛ በግራ ክንፍ ሲፈርስ ንጉሡ መልእክተኛ በመልእክተኛ ላይ እየላከ ፈጥኖ እንዲገባ አዘዘው፤ እሱ ግን ጊዜው እንዳልደረሰ ስላየ አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻም ካልታዘዘ ራሱን እንደሚያጣ የንጉሡ መልእክት ቢመጣለት፣ «ከውጊያው በኋላ ራሴ በንጉሡ እጅ ነው፤ እስከዚያው ግን ለእሳቸው አገልግሎት እንድጠቀምበት ይፍቀዱልኝ» ብሎ መለሰ ይባላል። ከዚያም መስኮቦቹ ድል ያደረጉ መስሏቸው ሰልፋቸውን አላልተው ወደ ፊት ሲወጡ፣ በመካከላቸው ያለውን ሸለቆ በልዩ ልዩ ስፍራ ተሻግሮ በጎናቸው ወደቀባቸው። ማታ የእንግሊዝ መልእክተኛ ንጉሡን እንኳን ደስ አለዎ ቢለው፣ ንጉሡ ወደ ዛይድሊትስ አመልክቶ፣ ያለ እሱ ነገራችን በከፋ ነበር አለ። እምቢታን ለዐመፅ ሳይሆን ለታማኝነት ያዋለ አገልጋይና ይህን ለይቶ ያወቀ ጌታ በአንድ ሜዳ መገናኘታቸው እጅግ ያስደንቀኛል።

በ1759 ዓ.ም. በኩነርስዶርፍ እጁን ክፉኛ ቈስሎ በበርሊን ብዙ ጊዜ ታመመ፤ በማግሥቱ ዓመት መስኮቦችና ኦስትሪያውያን ከተማይቱን ሲያስጨንቁ ግን ገና ሳያገግም ለመከላከል ተነሣ። በ1762 ዓ.ም. በፍራይበርግ በልዑል ሄንሪክ ሥር ሆኖ እግረኛንም ጭምር መርቶ አዋጋ። ሰላም ከወረደ በኋላ በሲሌዝያ ያለውን ፈረሰኛ ሁሉ እንዲቈጣጠር ተሾመ፤ በኦላው ከተማ ተቀምጦም መኰንኖችን ሲያሠለጥን ኖረ፤ በ1767 ዓ.ም. የፈረሰኛ ጄኔራል ተባለ። ትዳሩ ደስታ አላገኘበትም፤ ጤናውም ቀድሞ ተሰበረና በ1773 ዓ.ም. በአምሳ ሁለት ዓመቱ ዐረፈ። ንጉሡ በ1781 ዓ.ም. በበርሊን ቪልሄልም አደባባይ ቀራፂው ታሳርት የሠራውን የእብነ በረድ ሐውልት አቆመለት፤ በዚያ ሐውልት በእግሩ ቆሞ ይታያል። በፈረስ ላይ የተቀመጠበት ምስል የተሠራለት ከሰባ ዓመት በኋላ በ1851 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይኸውም በታላቁ ፍሬድሪክ ሐውልት መሠረት ካሉት አራት ማእዘኖች በአንዱ ላይ ነው።