ኤሊና እንቁራሪት ዘመዳሞች ናቸውን?

ክረምት ገብቶ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያለብሱት፣ በአንበሳሜም በወረታም የእንቁራሪት ጩኸት ሌሊቱን ሙሉ ይሰማል። በመምህርነቴ የመጀመሪያ ዓመት፣ በእንዲህ ያለ ወራት፣ አንድ የአንበሳሜ ተማሪ አጎቱ ከአዋሽ ቆላ ያመጣለትን ኤሊ ለጓደኞቹ ሊያሳይ ወደ ክፍል ይዞ መጣ። ማታ «ጋሼ፣ የት ትደር?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ኤሊም እንቁራሪትም የውኃ ፍጥረቶች ናቸው ብዬ፣ እንቁራሪቶች ባኖርንበት ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ እንድትገባ አዘዝሁ። በማግሥቱ ሰጥማ ሞታ አገኘናት። ልጁ አለቀሰ፤ እኔም ያልተማርሁትን በማስተማሬ አፈርሁ።

በስሕተቱ ብቻዬን እንዳልነበርሁ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የፍጥረትን ወገኖች በሥርዓት በመደልደል ስሙ የታወቀው የስዊድን ሊቅ ካርል ሊኔ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኤሊን፣ እንሽላሊትንና እንቁራሪትን በአንድ ክፍል አጉሮአቸው ነበር። እንቁራሪትን ከእነዚያ ለይቶ በራሷ ምድብ ያቆማት ፈረንሳዊው ብሮንያር ሲሆን፣ ይህም በ1800 ገደማ ነው። ዛሬ የትምህርት መጻሕፍት ኤሊን ከእባብ፣ ከአዞና ከእንሽላሊት ጋር «ገበሎ አስተኔ»፣ እንቁራሪትን ደግሞ «እንቁራሪት አስተኔ» ብለው ይለያሉ።

የሚለያቸው የሚኖሩበት ስፍራ አይደለም፤ ዕንቁላላቸውና ቆዳቸው ነው። የእንቁራሪት ዕንቁላል ቅርፊት የለውም፤ እንደ ተልባ በሚዝለገለግ ነገር ተጠቅልሎ በኩሬ ዳር ይታያል፤ ውኃው ቢደርቅ እርሱም ይደርቃል። የሚፈለፈለውም እናቱን አይመስልም፤ እግር የሌለው፣ ጅራታም፣ እንደ ዓሣ በስንጥብ የሚተነፍስ ትንሽ ጥቁር ፍጥረት ነው። ከሳምንታት በኋላ እግር ያበቅላል፣ ጅራቱ ይጠፋል፣ በሳንባም መተንፈስ ይጀምራል። እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ኩሬ ዳር ወስዳችሁ ብታሳዩአቸው ከመጽሐፍ ይልቅ ይረዱታል። ኤሊ ግን እንደ ዶሮ ቅርፊት ያለው ዕንቁላል ጥላ በአፈር ትቀብራለች፤ የሚፈለፈለውም ልጅ ከመጀመሪያው ድንጋዩን ለብሶ፣ በሳንባው እየተነፈሰ ይወጣል። ዕድሜዋን በባሕር የምትፈጽመው ኤሊ እንኳ ዕንቁላሏን ለመጣል ወደ ደረቅ ምድር ትወጣለች።

የእንቁራሪት ቆዳ ስስና እርጥብ ነው፤ ውኃ የምትጠጣው በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ ነው፤ ከሚያስፈልጋት አየርም ከፊሉን በዚያው ትስባለች። ስለዚህ ከ1970ዎቹ ወዲህ በፎገራ በተስፋፋው የሩዝ ማሳ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት በቆዳዋ ሰርጎ ይገባል። መርጫውን በኩሬ ማጠብ የማይገባው ለዚህ ነው፤ ተባዩን ስትበላልን የምታድር እርሷ ናትና። የኤሊ ቆዳ ግን በደረቅ ቅርፊት የተሸፈነ ስለሆነ እርጥበቷን ይጠብቅላታል። ድንጋይ የሚመስለው ጀርባዋም እንደ ቤት የምትገባበትና የምትወጣበት አይደለም፤ የገዛ ጎድኗና አከርካሪዋ ሰፍቶና ተጋጥሞ የተሠራ አጥንት ነው።

በዘመናችን የተደረገው የዘር ምርመራ ደግሞ ኤሊ ከእንሽላሊት ይልቅ ለአዞና ለወፎች እንደምትቀርብ አሳይቷል። በጓሯችን የምትጭረው ዶሮ ከእንቁራሪት ይልቅ የኤሊ ዘመድ ናት ማለት ነው። ይህን ስሰማ እኔም መጀመሪያ አላመንሁም።

ወደ 360 የሚጠጉት የኤሊ ዓይነቶች በአንገታቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሁለተኛው ወደ ጎን አጥፎ ከድንጋይ ልብሱ ሥር ይሸሽገዋል። በአገራችን ሁለቱም አሉ። ጀርባዋ እንደ ነብር የተዥጎረጎረው የተማሪዬ ኤሊ ከፊተኛው ወገን ነበረች፤ ሣር በል፣ የዝሆን የመሰለ ደንዳና እግር ያላት የየብስ እንስሳ ናት፤ መውጫ በሌለው በርሜል ውስጥ ደክማ መስጠሟ የማይቀር ነበር። ከሁለተኛው ወገን የሆነችው የኩሬ ኤሊ ግን ጣቶቿ በስስ ቆዳ የተያያዙ ዋናተኛ ናት፤ ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ዝናብ ትጠብቃለች። ያን ዕለት የመጣችው እርሷ ብትሆን ኖሮ በርሜሉ ባልጎዳት። የሚታዘንላቸው እንቁራሪቶቹ በሆኑ ነበር፤ ሥጋ በል ናትና።