ከፍለን ገዝተን ስለምን «ሞካሪ» እንባላለን?

አንድ ሰው ቤት ገዝቶ፥ ዋጋውን አጠናቆ ከፍሎ፥ ቁልፉን ተረክቦ ሁለት ዓመት ከኖረበት በኋላ፥ አንድ ቀን ከሥራው ሲመለስ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ «እርስዎ ቤቱን ለማየት የመጡ እንግዳ ነዎት፤ የተፈቀደልዎት 30 ቀን ስላለቀ መግባት አይችሉም» ቢለው ምን ይሰማዋል? መቼም ይቈጣል፤ ይጮኻል፤ ምናልባትም በሩን ለመስበር ድንጋይ ያነሣ ይሆናል። በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ዘበኛ ሊገጥመው ይችላል። ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ፕሮግራም በድንገት ገዢነቱን ክዶ «የሙከራ ጊዜዎ አልቋል» ይለዋል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ነገር ከምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚቃና ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ለመግለጽ እንወዳለን።

ነገሩን ለማንሣት ምክንያት የሆነን የአንድ ወዳጃችን ችግር ነው። ይህ ወጣት በአንድ መሥሪያ ቤት በመሐንዲስነት ያገለግላል። ለግል ኮምፒዩተሩ የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም ሲገዛ ክፍያው በውጭ አገር ገንዘብ ስለ ነበረ በዋሽንግተን የምትኖረው እኅቱ በካርዷ ከፈለችለት። አንድ ዓርብ ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፥ ሰኞ ጧት ለአለቃው የሚያቀርበውን የአንድ ወረዳ የመጠጥ ውሃ መሥመር ንድፍ ለማተም ቢሞክር፥ ወረቀቱ በመካከሉ «የሙከራ ቅጅ» የሚል ትልቅ ጽሕፈት ታትሞበት ወጣ። ወዳጃችን ደነገጠ። በድንጋጤውም ፕሮግራሙን ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ እንደገና ጫነው፤ ቁልፉንም ደጋግሞ አስገባ፤ አልሆነም። በዚህ ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባው «ምን ያስጨንቅሃል?» ብሎ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ያለበት ፍላሽ አቀበለው። ወደ እኛ የደወለው ፍላሹን በእጁ እንደ ያዘ ነው። እኛም «እባክህ አታስገባው፤ መጀመሪያ ነገሩን እንመርምር» አልነው።

ለመመርመር ደግሞ የዘበኛውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሮግራም ገዢውን በመልኩ አያውቀውም። ሲገዛ የሚሰጠው ቁልፍ የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ ለምሳሌ የዊንዶውስና የማይክሮሶፍት ኦፊስ ቁልፍ በአምስት በአምስት የተከፋፈለ ባለ 25 ምልክት ነው። ቁልፉ ሲገባ ፕሮግራሙ በኢንተርኔት አማካይነት የሻጩን ሰርቨር ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም ሲያምንበት የፈቃድ ማስረጃ ይልካል፤ ይኸውም ማስረጃ በኮምፒዩተሩ ውስጥ በፋይል ተመዝግቦ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ዘበኛው በየጊዜው ይጠይቃል፦ ማስረጃው አለ ወይ? ኮምፒዩተሩ ያው የቀድሞው ነው ወይ? ቀኑስ ትክክል ነው ወይ? ከነዚህ አንዱ ቢጐድል ገዢውን ከእንግዳ ይቈጥረዋል። ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ ከወረቀቱ በቀር ሌላ ማስታወሻ ስለሌለው ነው።

እንግዲህ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። የሙከራ ጊዜ ለማራዘም ሲሉ የኮምፒዩተራቸውን ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱ ሰዎች ስላሉ፥ ብዙ ፕሮግራሞች የቀን መዛባት ሲያዩ ይጠራጠራሉ። ከዚህም ሌላ ቀኑ በጣም ከተዛባ ኮምፒዩተሩ ከሰርቨሩ ጋር በምስጢር ለመነጋገር የሚጠቀምበትን የምስክር ወረቀት አይቀበልም። ሰዓቱን የሚዛባው ብዙ ጊዜ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ስትሞት ነው። በአገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የእኛ ዓመተ ምሕረት ከአውሮፓውያን በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚያንስ፥ ቀን ለማስተካከል ብሎ በአውሮፓውያን መቁጠሪያ ውስጥ የኛን ዓመት የሚጽፍ ሰው ኮምፒዩተሩን ይህን ያህል ዓመት ወደ ኋላ ይጥለዋል።

ሁለተኛው የአካል መለወጥ ነው። ማዘርቦርድ ሲቀየር ወይም ኮምፒዩተሩ ፎርማት ሲደረግ፥ ዘበኛው ሌላ ቤት የተሠራ ይመስለዋል። ብዙ ፈቃዶች በአንድ ወይም በሁለት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ አሮጌውን ኮምፒዩተር ከመሸጥ ወይም ከማጽዳት በፊት፥ ፕሮግራሙ የሚፈቅድ ከሆነ፥ ፈቃዱን ከዚያ ላይ ማስለቀቅ ይገባል።

ሦስተኛው የሁለት ቅጅ መጋጨት ነው። አዲስ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሙከራ ኦፊስ ተጭኖበት ይሸጣል። ባለቤቱ እውነተኛውን ገዝቶ በላዩ ሲጨምርበት የሙከራው ቅሬታ አልጠፋ ብሎ «ጊዜዎ አልቋል» እያለ ይናገራል። እንዲሁም በአንድ ኢሜይል ገዝቶ በሌላ ኢሜይል የሚገባ ሰው መብቱን ሊያገኝ አይችልም።

አራተኛው የማስረጃው ፋይል መጥፋት ወይም መታገድ ነው። ኮምፒዩተር እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞች ሊሰርዙት፥ አንቲቫይረስም ሊያግደው ይችላል።

አምስተኛው የሻጩ የራሱ ጥፋት ነው። ይህ ሊሆን አይችልም የሚል ቢኖር ታሪክን ይመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 12 ቀን 2008 ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ ባወጣው አዲስ ቅጅ ውስጥ ለሙከራ ዘመን የተቀመጠ የጊዜ ገደብ ተረስቶ ስለ ቀረ፥ ከፍለው የገዙ ድርጅቶች ፈቃዳችሁ አልፏል ተብለው ሥራቸው ተሰናከለ፤ የኩባንያው ኀላፊ ፖል ማሪትዝም ይቅርታ ጠየቁ። በ2018 ዓመት በኖቬምበር ወር ደግሞ በማይክሮሶፍት የፈቃድ ሰርቨር ብልሽት ምክንያት ዊንዶውስ 10 ፕሮ የገዙ ብዙ ሰዎች «ያለዎት ፈቃድ የሆም ነው» ተባሉ፤ ብልሽቱ ሲታረም መብታቸው ተመለሰ። በዚያ ቀን በንዴት እንደገና የገዛ ቢኖር ገንዘቡን በከንቱ አባከነ ማለት ነው።

መድኃኒቱም ምክንያቶቹን ተከትሎ ይመጣል። ከሁሉ አስቀድሞ የተሠራውን ሥራ በሌላ ስፍራ መገልበጥ፤ ፕሮግራሙንም አለመንቀል። ቀጥሎ የታየውን መልእክት ቃል በቃል መጻፍ ወይም ፎቶግራፉን ማንሣት። ከዚያም ቀኑን፥ ዓመቱንና የሰዓት ክልሉን መመርመር፤ የአዲስ አበባ ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንደሚቀድም ማስታወስ። ኢንተርኔቱ መሥራቱን አረጋግጦ፥ በተገዛበት ኢሜይል ገብቶ፥ ፈቃድን ለማደስ የተዘጋጀውን ትእዛዝ መጫን። የሙከራ ቅጅ ጐን ለጐን ካለ እርሱን ብቻ ማስወገድ። ይህ ሁሉ ካልረዳ ለሻጩ የደረሰኙን ቁጥር፥ የተገዛበትን ቀንና የመልእክቱን ቃል ጨምሮ መጻፍ ነው። ቁልፉን ግን ሰው ሁሉ በሚያየው ስፍራ መለጠፍ አይገባም።

ስለ ተሰበረ ቁልፍም አንድ ቃል እንጨምር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ከሕጉም ሌላ፥ እንዲህ ያለ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ተሸክሞ ይመጣል፤ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ቢገባ ጉዳቱ ከአንድ ሰው ያልፋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ዋጋውን የከፈለ ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ ሌባ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ቀኑን እንዲመለከት ብንጠይቀው ነገሩ ተገለጠ። ሐሙስ ዕለት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ተዛብቶ ስላገኘው፥ ራሱ በእጁ የኢትዮጵያን ዓመት ጽፎ ኖሯል! ወዲያው አስተካከለው፤ ነገር ግን ዘበኛው አሁንም እንቢ አለ። ፕሮግራሙን ነቅሎ በተከለ ጊዜ የቀድሞው ማስረጃ ጠፍቷል፤ ለሁለት ኮምፒዩተር የተሰጠውም ፈቃድ፥ አንዱ በአሮጌው ላፕቶፑ፥ ሁለተኛው በዚሁ ኮምፒዩተር ላይ ተይዞ ስለ ነበረ፥ አዲሱ ተከላ እንደ ሦስተኛ ተቈጠረ። ሻጩም ፈቃዱን ለማስለቀቅ ደረሰኝ ጠየቀ። ደረሰኙ የት አለ? በእኅቱ ኢሜይል ውስጥ! በሌሊት ደውሎ እርስዋን ቢጠይቃት ከብዙ ፍለጋ በኋላ አግኝታ ላከችለት። ቅዳሜና እሑድ ሻጩ ስለማይሠራ መልሱ የመጣው ሰኞ ማታ ነው። ንድፉ ማክሰኞ ቀረበ፤ አለቃውም «የውሃው ሥራ አንድ ቀን ዘገየ» ብለው ገሠጹት። እርሱም ምክንያት ሳያበዛ ተግሣጹን ተቀበለ።

አስቀድሞ ቀኑን ቢመለከት ኖሮ ጉዳዩ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚህም የምንማረው መግዛት ብቻ ባለቤት እንደማያደርግ ነው፤ የገዛነውን ስንጠየቅ ማስረዳት አለብን። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ለርስትና ለውል ቢሆንም ዛሬ ለኮምፒዩተርም ይሠራል። ስለዚህ አንባቢያችን ዛሬ እሑድ ዕረፍት ላይ ሳሉ የገዟቸውን ፕሮግራሞች ስም፥ ቁልፍ፥ ደረሰኝና የተገዙበትን ኢሜይል በአንድ ደብተር ላይ ጽፈው፥ ሌላ ግልባጭም አድርገው እንዲያስቀምጡ እንመክራለን። ዘበኛው የጠየቀ ዕለት ድንጋይ ከማንሣት ወረቀት ማሳየት ይቀላልና።