የትምህርት ቤት ኔትወርክ ቁጥጥርና የብልሽት ማስታወቂያ

በወላይታ ዞን በሃላሌ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው ስዊች የተባለው መሣሪያ ቢታወክና ባለሙያው በዞኑ ዋና ከተማ በሶዶ ቢሆን፣ ጉዳቱን በመጀመሪያ የሚያውቀው ክፍለ ጊዜው የሚባክንበት መምህር ነው። ይህን ለማስቀረት በ1988 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. የተባለው የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ያገለግላል። ይኸውም ተቆጣጣሪው ኮምፒውተር በፖርት ቁጥር 161 ስዊቹን ይጠይቃል፤ ስዊቹም ችግር ሲደርስ በፖርት ቁጥር 162 ራሱ ያስታውቃል።

የቀደሙት እትሞች የይለፍ ቃሉን ሳይሰውሩ ስለሚያስተላልፉ በመንገድ ላይ ሊነበብ ይችላል። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በደረጃነት የጸደቀው ሦስተኛው እትም ግን የጠያቂውን ማንነት ለማረጋገጥና መልእክቱን ለመመስጠር ያስችላል።

በመሆኑም ስዊች ሲዘጋጅ፣ አንደኛ፣ ከፋብሪካ የተሰጡት የይለፍ ቃላት ይሰረዙ፤ ሁለተኛ፣ በሦስተኛው እትም ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተጠቃሚ ይመዝገብ፤ ሦስተኛ፣ ጥያቄ ከተቆጣጣሪው አድራሻ ብቻ ይቀበል፤ አራተኛ፣ የመስመር መቋረጥንና ያልተፈቀደ ሙከራን እንዲያስታውቅ ይታዘዝ።

ሆኖም መብራት ሲጠፋ ስዊቹም ዝም ስለሚል፣ ዝምታውን የሚደርስበት በየጊዜው የሚጠይቀው ተቆጣጣሪ ነው። ዝግጅቱ ሲያበቃ አንድ ኬብል ነቅሎ ማስታወቂያው መድረሱን መፈተን ይገባል። ማስታወቂያውን ተቀብሎ የሚነሣ ሰው ካልተመደበ ግን መሣሪያው ብቻውን የባከነውን ክፍለ ጊዜ አይመልስም።